ግብር የሚከፍል ጠላት

በ1332 የኢፋቱ ገዢ ሰብረዲን በንጉሡ በዓምደ ጽዮን ላይ ሲነሳ ብዙ ዝቷል። አብያተ ክርስቲያናቱን መስጊድ አደርጋቸዋለሁ፣ በክርስቲያኑ አገር ላይ የራሴን ሰዎች እሾማለሁ ብሏል። ከዛቻዎቹ ሁሉ የሚገርመው ግን አንዱ ነው፦ የንጉሡ ከተማ በሆነችው በማርዓዴ ጫት እተክላለሁ አለ፤ ሙስሊሞች ተክሉን ይወዱታልና። ይህን የሚተርክልን በግዕዝ የተጻፈው የዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ነው። ስለ ጫት ከሚያወሩ ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ መሆኑ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛቻውን ልብ ብላችሁ ካያችሁት የዘራፊ ዛቻ አይደለም። ዘራፊ አቃጥሎ ይሄዳል። ጫት የሚተክል ሰው ግን ሊቀመጥ ነው የመጣው፤ ተክሉ እስኪደርስ ዓመታት ይጠብቃል። ሰብረዲን የፈለገው፣ ወይም የንጉሡ ጸሐፊ ይፈልግ ነበር ብሎ የነገረን፣ ቦታ መለዋወጥ ነው። እስከዛሬ ስትሾሙኝ ኖሬያለሁ፣ አሁን ደግሞ እኔ ልሹም። እስከዛሬ ስገብር ኖሬያለሁ፣ አሁን ደግሞ ይገበርልኝ።

ኢንተርኔት ላይ የዓምደ ጽዮን ስም ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣል። አንዱ አንበሳው ንጉሥ ሰባቱን የሙስሊም ግዛቶች እንዴት እንዳንበረከከ በኩራት ይጽፋል። ሌላው ያው ንጉሥ እንዴት እንደጨፈጨፈና እንደዘረፈ በንዴት ይመልሳል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ውጊያው ነው። ከውጊያ በፊትና ከውጊያ በኋላ ስለነበረው ረጅም ጊዜ፣ ጎረቤታሞቹ በየዓመቱ እንዴት አብረው እንደኖሩ፣ ማን ለማን ምን እንደሚከፍልና ለምን እንደሚከፍል የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። እኔን ደግሞ የሚስበኝ እሱ ነው። ሙያዬ ሶፍትዌር ነውና አንድ ነገር በተደጋጋሚ ሲበላሽ ካየሁ መጀመሪያ የምጠይቀው "ማነው ያበላሸው?" ሳይሆን "እንዴት ነው የተሠራው?" የሚለውን ነው።

መልሱ ከቋንቋችን ይጀምራል። በአማርኛ "ገበረ" ማለት ግብር ከፈለ ማለት ነው፤ ተገዛ ማለትም ነው። "አስገበረ" ሲባል ደግሞ ድል አድርጎ በሥሩ አዋለ ማለት ነው። "አልገብርም" የሚል ሰው ስለ ገንዘብ ብቻ እያወራ አይደለም። ይኸው ቃል ሌላ ፊትም አለው፦ ንጉሥ "ግብር አበላ" ይባላል፣ ድግስ ማለት ነው። ከታች ወደ ላይ የሚገባውም ከላይ ወደ ታች የሚወርደውም በአንድ ስም ይጠራል። የመካከለኛው ዘመን ንጉሥ ሥልጣን በዚህች ቃል ውስጥ ተጠቅልሎ አለ። የሚያስገብረው ከሌለ የሚያበላው የለውም፤ የሚያበላው ከሌለው ሠራዊት የለውም፤ ሠራዊት ከሌለው የሚገብርለት የለም። ስለዚህ የዘመቻ ዓላማ ጠላትን ማጥፋት አልነበረም። የሞተ ጠላት አይገብርም።

መንገዱና ሁለቱ ጫፎቹ

እስቲ ካርታውን እናውጣ። ዘይላ ዛሬ በሶማሊላንድ ጠረፍ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በዚያ ዘመን ግን ከየመንና ከግብፅ የሚመጣ ዕቃ የሚራገፍባት ትልቅ ወደብ ነበረች። ከዘይላ የተነሳ የግመል ቅፍለት በረሃውን አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ ወደ ሸዋ ደጋ የሚያወጣው ገደል ሥር ይደርሳል። ኢፋት እዚያ ነው፤ ዛሬ ከአንኮበር ቁልቁል እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው አካባቢ። በዚያ ቁልቁለት ላይ ኖራን፣ አስበሪንና መሰልን የመሳሰሉ የድንጋይ መስጊድ የነበራቸው የጥንት ከተሞች ፍርስራሽ ዛሬም ይታያል።

ኢፋትን የሚገዛው የወላስማ ቤተሰብ ነው። መሥራቹ ዑመር ወላስማ በ1285 ከእሱ በፊት የነበረውን የሸዋ ሱልጣኔት ድል አድርጎ ያዘ። ደጋው ላይ ደግሞ ይኩኖ አምላክ በ1270 አዲስ ሥርወ መንግሥት አቁሟል። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ትውልድ ውስጥ፣ በአንድ ገደል ላይና ታች፣ አብረው ነው ያደጉት። ወደ ላይ ሐርና በፍታ ይወጣል፤ ወደ ታች ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ባሪያ ይወርዳል። ደጋው ያለ ቆላው ገበያ የለውም፤ ቆላው ያለ ደጋው ዕቃ የለውም።

በ1314 የነገሠው ዓምደ ጽዮን ይህንን የገባው ይመስላል። የመጀመሪያ ትልልቅ ዘመቻዎቹ በኢፋት ላይ አልነበሩም። በ1316 እና 1317 ገደማ ወደ ዳሞትና ወደ ሐዲያ ነው የዘመተው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የተጠበቀ መዝገብ እንደሚለው፣ የዳሞትን ገዢዎችና የሁለቱንም አገሮች ቁጥር ስፍር የሌለው ሕዝብ፣ ወንድ ሴት ሳይል፣ ማርኮ ወደ ሌላ አገር አፍልሷል። ዳሞት የወርቅ አገር ነው። ሐዲያ ደግሞ የብዙ ፈረሰኛ አገር፣ የባሪያ ንግድ ማለፊያም ነበር። ንጉሡ ዕቃው ከሚመነጭበት በኩል ያለውን የገመዱን ጫፍ ያዘ ማለት ነው። ዕቃው የሚወጣበት ጫፍ በኢፋት እጅ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታይ። ከእነዚህ ከተዘመተባቸው አገሮች ዳሞት የሙስሊም አገር አልነበረም። ዓምደ ጽዮን በሰሜን እንደርታ ላይ ያመፀውን ክርስቲያን ገዢ ይብቃ እግዚእንም ደምስሷል። ጋብቻውን ያወገዙ መነኮሳትን አስገርፎ በግዞት ልኳል። በ1332 ራሱ፣ ወደ ኢፋት እየዘመተ ሳለ፣ የይሁዲ እምነት ይከተላሉ በተባሉ የበጌምድርና የአካባቢው ሰዎች ላይ ሌላ ጦር ልኳል። "የክርስቲያንና የሙስሊም ጦርነት" ብለን ብቻ ካለፍነው እነዚህ ሁሉ ከሥዕሉ ይወጣሉ። ሃይማኖት ቀልድ ነበር ማለቴ አይደለም። በሁለቱም ወገን ሰዎች በእውነት አምነው ሞተውበታል። ነገር ግን የንጉሡ መዝገብ ሰውን የሚከፍለው በመጀመሪያ "የገበረ" እና "ያልገበረ" ብሎ ነው።

ካይሮ

ታሪኩን ውስብስብ የሚያደርገው ግን ይኼ ነው፦ ሙስሊም ጎረቤቶቹን የሚያስገብረው ክርስቲያን ንጉሥ ራሱ የአንድ ሙስሊም ሱልጣንን ፊት ያያል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ከግብፅ ነው የሚመጣው። ጳጳስ ከሌለ ቄስ የሚሾም የለም። ጳጳሱ የሚላከው ደግሞ የማምሉኩ ሱልጣን ሲፈቅድ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ንጉሥ መልእክተኛ እጅ መንሻ ተሸክሞ ካይሮ ደጅ ይጠናል፤ የኢፋት መኳንንት ደግሞ እጅ መንሻ ተሸክመው የንጉሡን ደጅ ይጠናሉ።

በ1321 ካይሮ ውስጥ የኮፕቶች አብያተ ክርስቲያናት በሁከት ፈረሱ። ዓምደ ጽዮን ለሱልጣን አል-ናሲር ሙሐመድ መልእክተኞች ላከ፦ የፈረሱት ይታደሱ፣ ክርስቲያኖቹም ይከበሩ፤ አለበለዚያ በእኔ አገር ያሉ ሙስሊሞች ላይ ያንኑ አደርጋለሁ፣ የዓባይንም ውኃ አቅጣጫ አስቀይራለሁ። ሱልጣኑ በዛቻው ተሳልቆ መልእክተኞቹን መለሰ። ዓባይን መገደብ በዚያ ዘመን የሚቻል ነገር አልነበረም። "በእኔ አገር ያሉ ሙስሊሞች" የሚለው ግን ይቻላል፤ የዛቻው እውነተኛ ጥርስም እሱ ነበር። በዚያች ቅጽበት የኢፋት፣ የደዋሮና የባሌ ሰው፣ ካይሮን አይቶ የማያውቀው ገበሬና ነጋዴ ሁሉ፣ የሁለት ነገሥታት መያዣ ሆነ። የካይሮው ኮፕትም በተራው ለዚያኛው ወገን መያዣ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ታሪክ አጭር ነው። ጥዕይንታይ የሚባል የንጉሡ መልእክተኛ ከካይሮ ሲመለስ የኢፋቱ ሐቀዲን ያዘው። ሃይማኖቱን እንዲቀይር አስገደደው፤ እምቢ ሲል ገደለው። መልእክተኛ መግደል በየትኛውም ዘመን ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ሐቀዲን የቆረጠው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም፤ ደጋውን ከዓለም ጋር የሚያገናኘውን ክር ነው። በ1328 ገደማ ንጉሡ ወደ ኢፋት ወረደ፣ ከተማዋን ዘረፈ፣ ወርቅና ብር፣ ልብስና ከብት ወሰደ፣ ብዙ ሰውም ገደለ። ከዚያ ምን አደረገ? ኢፋትን አፈረሰ? የራሱን ክርስቲያን ገዢ አስቀመጠ? አላደረገም። ከዚያው ከወላስማ ቤት ሰብረዲንን አስቀመጠ።

1332

እንግዲህ ጫት ሊተክል የዛተው ሰብረዲን ከውጭ የመጣ ወራሪ አይደለም። የንጉሡ ሹም ነው። ዜና መዋዕሉም ጠላቴ ብሎ ከመናደዱ በላይ "አገልጋዬ ሆኖ ሳለ" ብሎ ነው የሚናደደው።

ሰብረዲን ብቻውን አልተነሳም። የደዋሮው ሐይደራ አብሮት ዶለተ። የሐዲያው አማኖም ንጉሡ ዘንድ አልቀርብም ብሎ ነበር። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሲታይ ጥሩ ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ ከተነሱ ንጉሡ ሁሉም ጋ በአንድ ጊዜ መድረስ አይችልም። በተግባር ግን አንድ ላይ አልተነሱም። ዓምደ ጽዮን መጀመሪያ ሐዲያን መታ፣ አማኖንም ማረከ። ከዚያ ወደ ሰብረዲን ጦር ላከ። በዚያ ጦር ውስጥ ደግሞ ከዳሞትና ከሐዲያ የመጡ ወታደሮች ነበሩበት። ትናንት የገበሩት ሰዎች ዛሬ ሌላውን ለማስገበር ተሰለፉ። ግብር በወርቅና በጨርቅ ብቻ አይደለም የሚከፈለው፤ በሰውም ይከፈላል።

ሰብረዲን ተሸንፎ ሲሸሽ የሚይዘው ሲያጣ ለንጉሡ ሳይሆን ለንግሥቲቱ ለጃን መንገሻ ላከባት፦ አማልጂኝ። ይህም የዚያ ዓለም ደንብ ነው። ተቀያይሞም ቢሆን ሰው በቤት ውስጥ እንዳለ ዓይነት በአማላጅ ይገባል። ንጉሡ ግን ቁጣው አልበረደም። ሰብረዲን በመጨረሻ እጁን ሰጠና ታሰረ። በእሱ ቦታ ማን ተሾመ? ወንድሙ ጀማለዲን።

ዘመቻው በዚህ አላበቃም። ንጉሡ ወደ ምሥራቅ ገፋ፤ ከእሱ በፊት ማንም ንጉሥ ወዳልደረሰበት ቆላ፣ ወደ አዳል። በመንገድ ላይ በትኩሳት ታመመ፣ ጠላትም ከበበው፣ እንደዚያም ሆኖ ተዋጋ። አዲሱ ሹም ጀማለዲን እጅ መንሻ ይዞ፣ አገሩ ከዚህ በላይ እንዳይጠፋና ንጉሡ ወደ አገሩ እንዲመለስ ለመነው። ንጉሡ አልሰማውም። ቆይቶ ጀማለዲንም ከአመፀኞቹ ጋር ሆነ። ንጉሡ ሲመለስ ሻረውና ሦስተኛውን ወንድም ነስረዲንን ሾመ።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። አንዱ ይሻራል፣ ሁለተኛው ይሾማል፤ ሁለተኛው ይሻራል፣ ሦስተኛው ይሾማል። ሦስት ወንድማማቾች፣ አንድ ቤት። ለምን ያንኑ ቤት? ምክንያቱም የወላስማን ስም የሚያውቀው ነጋዴ፣ የሚያከብረው ሸኽ፣ ዳኝነቱን የሚቀበለው ገበሬ አለ። ደጋ ተወልዶ ያደገ ራስ ዘይላ ድረስ ያለውን መንገድ ማስተዳደር አይችልም። ንጉሡ ኢፋትን ለማስተዳደር የኢፋት ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ግን የንጉሡ ሹም በሆነባት ቀን በቤቱ ሰዎች ዓይን ግማሽ ክብሩን ያጣል። ክብሩን ለመመለስ ያለው መንገድ ማመፅ ነው። ካመፀ ይሻራል፤ ከተሻረ ወንድሙ ይሾማል፤ ወንድሙም ያው ችግር ውስጥ ይገባል። ይህ የሰዎቹ ጠባይ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሲስተሙ እንዲህ ነው የተሠራው።

ሁለት ምስክሮች

ይህን ሁሉ እንዴት እናውቃለን? አንደኛው ምንጭ ዜና መዋዕሉ ነው። ንጉሡን ከፍ ለማድረግ የተጻፈ ነው። በዚያው ዘመን ተጻፈ ወይስ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚለው ራሱ በተመራማሪዎች መካከል ሲያከራክር ኖሯል። እዚያ ውስጥ ጠላት ሁልጊዜ እንደ አንበጣ ብዙ ነው፣ ንጉሡ ሁልጊዜ ብቻውን ነው፣ ድሉም ሁልጊዜ የእግዚአብሔር ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ከሌላኛው ወገን ይመጣል። በ1330ዎቹ ዐብደላህ አል-ዘይለዒ የሚባል ሸኽ ካይሮ ገባ። የመጣው ለአቤቱታ ነው፦ የግብፅ ፓትርያርክ ለኢትዮጵያ ንጉሥ ጽፎ በሙስሊሞች ላይ የሚያደርሰውን በደል እንዲያቆም ያስመክርልን። ካይሮ ውስጥ አል-ዑመሪ የሚባል የቤተ መንግሥት ጸሐፊ አግኝቶ ስለ አገሩ ጠየቀውና መለሰለት፤ አል-ዑመሪም በትልቅ መጽሐፉ ውስጥ አሰፈረው። ስለ ሰባቱ የሙስሊም ግዛቶች፣ ማለትም ስለ ኢፋት፣ ደዋሮ፣ አራባብኒ፣ ሐዲያ፣ ሻርካ፣ ባሌና ዳራ የምናውቀው ብዙው ነገር ከዚህ ጭውውት የወጣ ነው።

ሸኹ ለአል-ዑመሪ የነገረው እንዲህ ነው። ከሰባቱ አንዳቸውም ያለ አማራው ንጉሥ ፈቃድ አይነግሡም። ከእነሱ አንዱ ሲሞት ለሥልጣን የሚመጥኑ ዘመዶቹ በሙሉ ወደ ንጉሡ ይሄዳሉ፤ ሞገስ ለማግኘት ያላቸውን ሁሉ ያደርጋሉ፤ እሱ የመረጠው ይነግሣል። በፊቱ እንደ ምክትሎቹ ናቸው እንጂ ነገሥታት አይደሉም። በየዓመቱም ከግብፅ፣ ከየመንና ከኢራቅ የሚመጣ የሐርና የበፍታ ጨርቅ ይገብሩለታል። ኢፋት 15,000 ፈረሰኛና 20,000 እግረኛ አላት፤ ሐዲያ ደግሞ 40,000 ፈረሰኛ፣ እግረኛዋም ከዚያ እጥፍ። እርስ በርሳቸው ግን አይስማሙም፤ ቢስማሙ ኖሮ ራሳቸውን መከላከል ይችሉ ነበር።

ቁጥሮቹን እንዳሉ መቀበል አያስፈልግም። የሚገርመው ሌላ ነው። አንደኛው ምስክር ንጉሡን ሊያወድስ፣ ሁለተኛው ንጉሡን ሊከስ ነው የቀረበው። አንዱ የንጉሡን ኃይል ያገነነው ለክብሩ ነው፤ ሌላው ያገነነው ለርኅራኄ ነው፣ ካይሮ እንድትሰማው። ዓላማቸው ፍጹም ተቃራኒ ሆኖ ሳለ የሚነግሩን ታሪክ ግን አንድ ዓይነት ነው፦ ሹመቱ ከላይ ነው፣ ግብሩ በየዓመቱ ነው፣ ወንድማማቾች ይሽቀዳደማሉ። ሁለት የማይዋደዱ ምስክሮች በአንድ ነገር ከተስማሙ ያ ነገር ሊታመን ይገባዋል። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ የሚከራከሩት ሁለት ወገኖችም ሳያውቁት የእነዚህን የሁለቱን ምስክሮች ቃል ነው የሚደግሙት። አንዱ ውዳሴውን፣ ሌላው አቤቱታውን ወርሷል።

ግብሩን ማነው የሚከፍለው?

ሁለቱም ምስክሮች የማይሉት ነገር አለ። ሐሩን የሚገብረው ሱልጣኑ ነው፤ ግን ሐሩ ሱልጣኑ ጋ ከሰማይ አይወርድም። ነጋዴው ቀረጥ ከፍሎበታል፣ ግመለኛው በረሃ ላይ ተጠምቶበታል፣ ቆላ ላይ ያለው ገበሬ ለሱልጣኑ ድርሻውን ሰጥቶበታል። ደጋው ላይ ያለው ክርስቲያን ገበሬም ያው ነው። ለጉልቱ ጌታ ይገብራል፤ ዘመቻ በሆነ ቁጥር ሠራዊቱ በማሳው ላይ አልፎ ጎተራውን ይበላል። የኢፋት ሐር ለእሱ ነጠላ አልሆነለትም። በድሉ ቀን ምናልባት ዘፍኖ ይሆናል፤ በማግሥቱ ግን ያው ገባር ነው። "ገባር" የሚለው ቃል እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ይዞት ቆይቷል።

የሐዲያው ነገር ከሁሉ ይከብዳል። አል-ዑመሪ እንደጻፈው ጃንደረባ የተደረጉ ባሪያዎች በሐዲያ በኩል ይነግዱባቸው ነበር፤ የሚሰለቡት ደግሞ ዋሽሉ በሚባል ቦታ ነው። ይህን ንግድ ያሽከረክሩ የነበሩት የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ገዢዎችና ነጋዴዎች ናቸው። ዓምደ ጽዮን ማርኮ ያፈለሳቸው "ቁጥር የሌላቸው" ወንዶችና ሴቶች፣ ሰብረዲን መንደራቸውን ያቃጠለባቸው ክርስቲያኖች፣ በዋሽሉ ያለፉት ልጆች ስማቸው የትም አልተጻፈም። የእኛ አያት የትኛው እንደሆነ አናውቅም። ደጋው ላይ ተወልዶ በክርስትና ስም የሚጠራ ስንቱ የሐዲያ ምርኮኛ ዘር ይሆን? ቆላ ላይ በእስልምና ስም የሚጠራስ ስንቱ የደጋ ምርኮኛ ዘር ይሆን? "የእኛ ንጉሥ" እና "የእናንተ ንጉሥ" እየተባለ ለሚጻፈው ሁሉ ይህ ጥያቄ ጥሩ ማብረጃ ነው።

ሲሰበር

ዓምደ ጽዮን በ1344 ሞተ፤ ልጁ ሰይፈ አርዕድ ነገሠ። የዚህ ሥርዓት ትልቁ ድክመት የታየው ከዚህ በኋላ ነው። ግብር በሁለት መንግሥታት መካከል የተጻፈ ውል አይደለም፤ በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ነገር ነው። አንዱ ሲሞት ውሉ አብሮት ይሞታል። አዲስ ንጉሥ ወይም አዲስ ሱልጣን በመጣ ቁጥር ከዜሮ ይጀመራል፣ ያም ማለት ብዙ ጊዜ በጦርነት ይጀመራል። በየትውልዱ ሪስታርት የሚፈልግ ሲስተም ነው።

አል-መቅሪዚ የሚባለው የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ የወላስማን ቤት ቀጣይ ዕጣ ተርኮልናል። የሰብረዲን ልጅ ዓሊ ተነሳ፣ ታሰረ፣ በልጁ በአሕመድ ተተካ፣ እንደገና ተሾመ። የአሕመድ ልጅ ዳግማዊ ሐቀዲን ግን ለንጉሡ የሚገብረውን የገዛ አያቱን ተዋጋ። ድል ካደረገ በኋላ ኢፋት አልተቀመጠም። ከተማዋን ትቶ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አዳል ቆላ ወረደ፤ የንጉሡ ሹመት ወደማይደርስበት። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፦ የሚገብረው ኢፋት ቀረ፣ የማይገብረው ሄደ። ወንድምን በወንድም የማስገበር ዘዴ በመጨረሻ ያፈራው ይህንን ነው። የንጉሡን ሹመት ጨርሶ የማይፈልግ ቅርንጫፍ ተፈጠረ።

የሐቀዲን ወንድም ሰዓደዲን ትግሉን ቀጠለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ዘይላ ድረስ ተባርሮ እዚያው ተገደለ፤ ከዘይላ ፊት ለፊት ያለችው ደሴት ዛሬም በስሙ ትጠራለች። ልጆቹ ወደ የመን ተሻገሩ፣ ተመለሱ፣ የአዳልን ሱልጣኔት አቆሙ። በ1445 ዘርዐ ያዕቆብ የአዳሉን በድላይን በውጊያ ገደለው። ያው ዘርዐ ያዕቆብ የሐዲያውን ገዢ ልጅ እሌኒን አግብቶ ነበር። እሷም ከእሱ በኋላ ለረጅም ዘመን የክርስቲያኑን መንግሥት ካቆሙት ሰዎች ዋነኛዋ ሆነች። በ1529 ደግሞ ኢማም አሕመድ ሽምብራ ኩሬ ላይ የልብነ ድንግልን ጦር ሰበረ። ከዚያ በኋላ ቀድመው ከወደቁት አገሮች ውስጥ ደዋሮና ባሌ ይገኙበታል፤ በአል-ዑመሪ ዝርዝር ውስጥ ሐር ሲገብሩ ያየናቸው።

ከ1332 እስከ 1529 ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ሰባቱ ግዛቶች በዚያ ሁሉ ጊዜ በአንድ መንግሥት ጥላ ሥር ነበሩ ማለት ይቻላል። ግን አንድ ቀንም የመንግሥቱ ባለቤት አልሆኑም። ግብራቸው ይገባል፣ ወታደራቸው ይዘምታል፣ ልጃቸው ንግሥት ትሆናለች። ስለ አገሩ ምክር ሲደረግ ግን እንደ ድል አድራጊ ወይም እንደ ድል ተነሺ እንጂ እንደ ቤተሰብ አይቆጠሩም። ኢማም አሕመድ ሲመጣ ብዙዎቹ የሚከላከሉለት ነገር እንዳልነበራቸው ማየት አይከብድም። የሚያስገብር መንግሥት ሲያሸንፍ ገባር ያገኛል። ሲሸነፍ ግን አብሮት የሚቆም ያጣል።

እጃችን ላይ ያለው

በአማርኛ ከተጻፉ ጽሑፎች ሁሉ ጥንታዊ የሚባሉት ለነገሥታት የተዘፈኑ የውዳሴ ግጥሞች ናቸው። ለዓምደ ጽዮን እንደተዘፈኑ የሚነገርላቸው አሉ፤ ለይስሐቅ የተዘፈነው ደግሞ የሶማሌ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ተጽፎ የተገኘበት ነው ይባላል። ማለትም ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት ቋንቋ ወረቀት ላይ የወጣው ማን ማንን እንዳስገበረ ለመዘመር ነው። የምናፍርበትም የምንፎክርበትም ነገር አይመስለኝም፤ ግን ማወቅ አለብን። ያንኑ ቋንቋ ዛሬ የአርጎባው፣ የሐዲያው፣ የባሌውና የሸዋው ልጅ በአንድ ስክሪን ላይ ይጽፉበታል። ብዙ ጊዜም የሚጽፉት ያንኑ ዘፈን ነው፤ ማን ማንን አስገበረ።

ዜና መዋዕሉ ስለ ድል ነው የተጻፈው፣ አቤቱታው ስለ በደል። ከሁለቱ መካከል ያልተጻፈ ሦስተኛ ነገር አለ። ጦሩ ወደ ደጋው ከተመለሰ በኋላ፣ ነስረዲን ከተሾመ በኋላ፣ በሆነ ቀን አንድ የዘይላ ግመለኛ የኢፋትን ገደል መውጣት ጀምሯል፤ አንድ የደጋ ነጋዴም ሊገናኘው ወርዷል። በዋጋ ተከራክረዋል፣ ምናልባት ስለ ጦርነቱም አንስተው ተራግመዋል፣ ከዚያ ተገበያይተዋል። ለዚህ ማስረጃው ግብሩ ራሱ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ባይገናኙ ኖሮ ንጉሡ ሐር አይለብስም ነበር።